የፊኖ ኡግር ቋንቋዎች ዝምድና እንዴት እንደ ታወቀ፤ ከእንግሊዝኛ ጋራ በማነጻጸር

መግቢያ

በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኦትሄሬ የሚባል አንድ የኖርዌይ ሰው ወደ እንግሊዝ ንጉሥ ወደ አልፍሬድ ዘንድ ቀረበ። ንጉሥ አልፍሬድ ከ871 እስከ 899 የነገሡ ናቸው። ኦትሄሬ መኖሪያው ከኖርዌይ ሰዎች ሁሉ ወደ ሰሜን የራቀ ሲሆን፣ ከሀብቱም ዋናው የበረዶ አገር አጋዘን መንጋ ነበረ። ለንጉሡም የሰሜኑን የምድር ጫፍ በመርከብ ዞሮ እስከ ነጭ ባሕር ድረስ መድረሱን፣ በዚያም ቤዮርማ የሚባል ሕዝብ ማግኘቱን ነገራቸው። ስለ ንግግራቸውም ሲያስረዳ፣ የቤዮርማ ሰዎች ቋንቋና እርሱ በአገሩ የሚያውቃቸው ፊን የተባሉት ሰዎች ቋንቋ አንድ ለመሆን ጥቂት የቀረው መስሎ እንደ ታየው ገለጸ። ቃሉም በዚያ ዘመን ወደ ጥንታዊ እንግሊዝኛ በተመለሰው በኦሮስዮስ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

እንግዲህ ዛሬ ፊኖ ኡግር ተብለው ስለሚጠሩት ቋንቋዎች ዝምድና በጽሑፍ ከተገኙት ምስክርነቶች እጅግ ጥንታዊ የሆነው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ግን ከእነርሱ ጋራ በዘር እንደሚገናኝ እስካሁን ያረጋገጠ የለም። በአንድ ክፍለ ዓለም ተጐራብተው፣ በአንድ ሃይማኖት አምነው፣ ቃል እየተዋዋሱ አንድ ሺህ ዓመትና ከዚያም በላይ ኖረዋል፤ ሆኖም ግንዳቸው ልዩ ልዩ ነው። በአንጻሩ የሀንጋሪ ሰውና ከኡራል ተራራ ማዶ በኦብ ወንዝ ዳር ዓሣ የሚያጠምደው የማንሲ ሰው በኑሮም በመልክም ሳይመሳሰሉ፣ አንዱም የሌላውን ንግግር ሳይሰማ፣ ቋንቋቸው ከአንድ ሥር የበቀለ ነው።

ይህ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? የአንድ ቋንቋ ዘመድ ማን እንደ ሆነ የሚፈርደውስ ምንድን ነው? መመሳሰል ነውን? ጉርብትና ነውን? ወይስ የሕዝቡ ፈቃድና ክብር? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በፊኖ ኡግር ቋንቋዎች ታሪክ መመርመርና እንግሊዝኛን በማነጻጸሪያነት ማቅረብ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የባዕድ ቃላቱም በፊደላችን የተጻፉት ድምፃቸው በሚፈቅደው መጠን ነው። በተለይ በፊንላንድኛና በሀንጋርኛ ከእኛ የግእዝ ድምፅ ጋራ የሚቀራረብ አናባቢ ስላለ፣ እርሱ በመጀመሪያው ፊደል ተጽፏል። ስለዚህ «ከ» እና «ካ» ተለይተው እንዲነበቡ አንባቢን አሳስባለሁ።

1. ቋንቋዎቹና ተናጋሪዎቻቸው

ከፊኖ ኡግር ቋንቋዎች በተናጋሪ ብዛት የመጀመሪያው ሀንጋርኛ ሲሆን፣ 13 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይናገሩታል። ቀጥሎ 5 ሚሊዮን የሚያህሉ ተናጋሪዎች ያሉት ፊንላንድኛ፣ ከዚያም አንድ ሚሊዮን ያህል ተናጋሪዎች ያሉት ኤስቶንኛ ይገኛሉ። የራሳቸው ነጻ መንግሥት ያላቸው እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። በሰሜን ኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ጫፍ የሳሚ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በቮልጋ ወንዝ አካባቢና እስከ ኡራል ተራራ ባለው የሩሲያ ምድር ደግሞ የሞርድቪን፣ የማሪ፣ የኡድሙርትና የኮሚ ሕዝቦች ይኖራሉ። ከኡራል ማዶ በምዕራብ ሳይቤሪያ ሃንቲና ማንሲ አሉ፤ ለሀንጋርኛ የቅርብ ዘመድ የሚባሉትም እነዚህ በቍጥር ጥቂት የሆኑት ሁለት ሕዝቦች ናቸው። ከዚህ ወደ ሰሜን ያሉት የሳሞየድ ቋንቋዎች ሲጨመሩ ጠቅላላው ቤተሰብ ኡራላዊ ተብሎ ይጠራል።

እንግሊዝኛ ግን ከጀርመንኛ፣ ከሆላንድኛ፣ ከስዊድንኛና ከመሳሰሉት ጋራ በጀርመናዊው ክፍል የሚቈጠር ነው። ይህም ክፍል ሮማይስጥን፣ ጽርእን፣ ሩሲያኛን፣ ፋርስኛንና የሕንዱን ሳንስክሪት ከሚያጠቃልለው ከታላቁ የህንድ አውሮፓ ቤተሰብ አንዱ ቅርንጫፍ ነው።

2. ዝምድናው እንዴት ተገኘ

የኦትሄሬ ቃል ብዙ ዘመን ያለ ተከታይ ቈየ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ግን የአውሮፓ ሊቃውንት ቋንቋዎችን ጐን ለጐን አስቀምጦ መመርመር ጀመሩ። በዚህ ጊዜ የእኛም አገር ስም በታሪኩ ውስጥ ይገባል። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኝቶ፣ ከእርሳቸው ግእዝና አማርኛ ተማረ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። በ1702 ደግሞ ግእዝ ከሌሎች የምሥራቅ ቋንቋዎች ጋራ ያለውን ስምምነት በመረመረበት ጽሑፍ፣ ለሁሉ የሚሆን አንድ ደንብ አስቀመጠ። ይኸውም ሁለት ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ጥቂት ቃላት መጋራታቸው አይበቃም፤ የሰዋስዋቸው አሠራር በአብዛኛው አንድ መሆን አለበት የሚል ነው። ከሉዶልፍ ጋራ ስለ ቋንቋ ብዙ ደብዳቤ ይጻጻፍ የነበረው ፈላስፋው ላይብኒትስም ፊንላንድኛና ሀንጋርኛ እንደሚዛመዱ ያምን ነበር። ነገር ግን ማመን ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው ገና ይቀር ነበር።

ማስረጃውን ወደ ማግኘት ያደረሰው መንገድ የሰማይ ጥናት መሆኑ ያስገርማል። ሰኔ 3 ቀን 1769 ቬኑስ የተባለችው ኮከብ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት፣ የቪየናው የከዋክብት ተመራማሪ ማክሲሚልያን ሄል ከዴንማርክ ንጉሥ በቀረበለት ጥሪ ወደ ሰሜን ኖርዌይ ወደ ቫርደ ተጓዘ። ረዳቱ ያኖሽ ሳይኖቪች የሚባል ሀንጋሪያዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበረ። ሳይኖቪች በዚያ በሳሚ ሕዝብ መካከል ሳለ ቋንቋቸውን ከራሱ ቋንቋ ጋራ አስተያየ፤ በ1770ም የሀንጋሪና የላፕ፣ ማለት የሳሚ፣ ቋንቋ አንድ መሆኑን ለማስረዳት በኮፐንሃገን መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ናቸው ማለቱ ከልክ ያለፈ ነበረ፤ ዘመዳሞች ናቸው ማለቱ ግን እውነት ነው። ዊልያም ጆንስ በካልካታ ስለ ሳንስክሪት፣ ስለ ጽርእና ስለ ሮማይስጥ ዝምድና ስመ ጥር ንግግሩን ያደረገው በ1786 ስለሆነ፣ ሳይኖቪች በ16 ዓመት ይቀድመዋል።

ከሳይኖቪች በኋላ ሳሙኤል ጃርማቲ የተባለ የትራንሲልቫንያ ሐኪም በ1799 በጎቲንገን ሁለተኛውን ዋና መጽሐፍ አወጣ። ይህ ሰው ከፊንላንድኛና ከኤስቶንኛ ጀምሮ እስከ ሩቆቹ የሳይቤሪያ ቋንቋዎች ድረስ ያሉትን አነጻጸረ። መመዘኛውንም ቃላት ብቻ ሳይሆን የስም ቅጥያ፣ የግሥ እርባታና የተውላጠ ስም አቀጣጠል አደረገ። ሉዶልፍ በሴማውያን ቋንቋዎች ላይ ያስቀመጠው ደንብ በጃርማቲ እጅ ለኡራል ሕዝቦች ሥራ ላይ ዋለ ማለት ይቻላል።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጥናቱ ከመጻሕፍት ቤት ወደ ምድረ በዳ ወጣ። ሀንጋሪያዊው አንታል ሬጉይ ከ1843 ጀምሮ በማንሲና በሃንቲ ሕዝቦች መካከል ተዘዋውሮ የድብና የጀግኖች ዜማዎቻቸውን ጻፈ፤ ከድካሙ የተነሣ ጤናው ተሰብሮ በ1858 በ39 ዓመቱ ሞተ። ፊንላንዳዊው ማቲያስ ካስትረንም በሳይቤሪያ በረዶ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተጕዞ የሳሞየድን ቋንቋዎች መረመረ። በ1851 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የፊንላንድ ቋንቋ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆኖ ቢሾምም፣ በዓመቱ ገና በ38 ዓመቱ አረፈ። የቋንቋ ዝምድና በቀላሉ የተገኘ ዕውቀት አለመሆኑን የእነዚህ ሁለት ሰዎች ዕድሜ ይመሰክራል።

3. የድምፅ ሕግ

የዝምድና ዋናው ማስረጃ ቃላት መምሰላቸው ሳይሆን በሕግ መለያየታቸው ነው። ይህን ለማስረዳት ሦስት ሕጎችን እንመልከት።

ሀ) በፊንላንድኛ በቃል መጀመሪያ «ፐ» የሆነው ድምፅ በሀንጋርኛ «ፈ» ይሆናል። ራስ በፊንላንድኛ «ፐ»፣ በሀንጋርኛ «ፈይ» ነው። ዛፍ «ፑ» እና «ፋ»፣ የወፍ ጎጆ «ፔሰ» እና «ፌሰክ»፣ ልጅ «ፖይካ» እና «ፊዩ» ይባላሉ።

ለ) በፊንላንድኛ በቃል መጀመሪያ ያለው የ«ከ» ድምፅ አ፣ ኦ ወይም ኡ ሲከተለው በሀንጋርኛ «ሀ» ይሆናል። ዓሣ «ካላ» እና «ሃል»፣ ሦስት «ኮልሜ» እና «ሃሮም» ነው። በፊንላንድኛ «ኮታ» የሚባለው ጎጆ ቤት በሀንጋርኛ «ሃዝ» ይባላል። ከቀጫጮቹ አናባቢዎች በፊት ግን ድምፁ አይለወጥም፤ እጅ በፊንላንድኛ «ከሲ»፣ በሀንጋርኛ «ኬዝ» ነው።

ሐ) በቃል መካከል ያለው የፊንላንድኛ «ተ» በሀንጋርኛ «ዘ» ይሆናል። ውሃ በፊንላንድኛ «ቬሲ» ቢባልም፣ ቃሉ ሲረባ «ቬቴ» የሚል ሥር ይወጣል፤ በሀንጋርኛ «ቪዝ» ነው። የእጅ ሥር «ከቴ»፣ በሀንጋርኛ «ኬዝ»፤ መቶ «ሳታ»፣ በሀንጋርኛ «ሳዝ» ነው።

የማንሲን ቋንቋ በመካከል ብናስገባ ምስክሩ ይበረታል። በሰሜን ማንሲ ዓሣ «ኹል»፣ ሦስት «ኹሩም»፣ ውሃ «ዊት»፣ እጅ «ካት» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት የ«ከ» ድምፅ እንደ ሀንጋርኛ ሲላላ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ «ተ» እንደ ፊንላንድኛ ጸንቶ ይታያል። አንድ ልጅ በዐይኑ አባቱን፣ በአፍንጫው እናቱን እንደሚመስል ያለ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛ እንመለስ። በ1818 ራስሙስ ራስክ፣ በ1822 ደግሞ ያኮብ ግሪም እንደ ገለጹት፣ የጀርመናዊው ክፍል ቋንቋዎችም ከሮማይስጥ የሚለዩት በተመሳሳይ ሕግ ነው። አባት በሮማይስጥ «ፓቴር»፣ በእንግሊዝኛ «ፋዘር» ነው። ዓሣ «ፒስኪስ» እና «ፊሽ»፣ ቀንድ «ኮርኑ» እና «ሆርን»፣ መቶ «ኬንቱም» እና «ሃንድሬድ» ይባላሉ። ስለዚህ «ፐ» ወደ «ፈ»፣ «ከ» ወደ «ሀ» መለወጡ በሀንጋርኛም በእንግሊዝኛም ደርሷል፤ አንዱ ከሌላው ግን አልወሰደም። በሴማውያንም ዘንድ ይኸው አለ፤ ዕብራይስጥ «ፔ» እና «ፔሪ» የሚለውን ግእዝ «አፍ» እና «ፍሬ» ይለዋል። ይህ የሰው አፍ በየአገሩ የሚሄድበት አንድ የተፈጥሮ መንገድ እንጂ የዝምድና ምልክት አይደለም። ዝምድናን የሚያስረዳው የድምፁ ለውጥ በራሱ ሳይሆን፣ ለውጡ በሁለት ቋንቋዎች መካከል በብዙ ቃላት ላይ ያለማቋረጥ መገኘቱ ነው።

በጆሮ ብቻ የሚፈርድ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ቤት በሀንጋርኛ «ሃዝ»፣ በእንግሊዝኛ «ሃውስ» ነው። በትርጕምም በድምፅም ይቀራረባሉና ዘመዳሞች ይመስላሉ። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የሀንጋርኛው «ሀ» ከጥንታዊ «ከ»፣ «ዘ»ውም ከጥንታዊ «ተ» የመጣ ነው፤ ጥንታዊ መልኩ ከፊንላንዱ «ኮታ» ጋራ እንጂ ከ«ሃውስ» ጋራ አይገናኝም። መመሳሰሉ አጋጣሚ ብቻ ነው። «ሃዝ» እና «ኮታ» ሳይመሳሰሉ ወንድማማቾች፣ «ሃዝ» እና «ሃውስ» ተመሳስለው ባዕዳን ናቸው።

4. ጉርብትናና የተዋሰ ቃል

ፊንላንዶች ከጥንት ጀምሮ ከጀርመናዊና ከባልቲክ ሕዝቦች ጋራ ስለ ተጐራበቱ ብዙ ቃል ተውሰዋል። ከእነዚህም ውስጥ አንዳንዱ ለእንግሊዝኛ ታሪክ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። ንጉሥ በእንግሊዝኛ «ኪንግ»፣ በፊንላንድኛ «ኩኒንጋስ» ነው። ቀለበት በእንግሊዝኛ «ሪንግ»፣ በፊንላንድኛ «ሬንጋስ» ነው። ሊቃውንት የጥንታዊውን ጀርመናዊ ቋንቋ መልክ መልሰው ሲሠሩ «ኩኒንጋዝ» እና «ህሬንጋዝ» የሚል ያገኛሉ። እንግሊዝኛ ከአባቶቹ የወረሰውን መጨረሻ ሲጥለው፣ ባዕዱ ፊንላንድኛ በአደራ እንደ ተቀበለ ሰው እስከ ዛሬ ጠብቆታል።

ስለ ማር ያሉት ቃላትም ደስ የሚያሰኙ ናቸው። የአበባ ማር በፊንላንድኛ «ሜሲ»፣ ሥሩ «ሜቴ»፣ በሀንጋርኛም ማር «ሜዝ» ይባላል። ይህ ቃል እጅግ በጥንት ዘመን ከህንድ አውሮፓ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የቃሉ ዘመድ «ሚድ» ነው፤ ትርጕሙም የማር ጠጅ ማለት ነው። ፊንላንዶች ከብዙ ዘመን በኋላ ከጀርመናውያን ጐረቤቶቻቸው «ሁናያ» የሚለውን ሌላ ቃል ጨመሩ፤ ይህም የእንግሊዝኛው «ሃኒ» ዘመድ ነው። በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት የተዋሱ ቃላት፣ ሁለት የተለያዩ የጉርብትና ዘመናትን እንደ ምድር ንብብር ያሳዩናል።

አንዳንድ ሊቃውንት እንደ እናት፣ እኅትና ሴት ልጅ ያሉ የቤት ቃላት አይወሰዱም ይሉ ነበር። ፊንላንድኛ ግን ይህን ያፈርሳል። እናት «አይቲ» ከጀርመናውያን፣ እኅት «ሲሳር» እና ሴት ልጅ «ቱተር» ከባልቲክ ሕዝቦች የተወሰዱ ናቸው። በእነዚህ ቃላት ብቻ ቢፈረድ ኖሮ፣ «ሲሳር» ከ«ሲስተር»፣ «ቱተር» ከ«ዶውተር» ጋራ ተያይዞ ፊንላንድኛ የእንግሊዝኛ ወንድም በተባለ ነበር። እንግሊዝኛም ራሱ በዚህ ሚዛን ቢመዘን፣ ከ1066 የኖርማን ድል ወዲህ ከፈረንሳይኛና ከሮማይስጥ የገባበት ቃል ከመዝገበ ቃላቱ ግማሽ ስለሚበልጥ የሮማይስጥ ልጅ ይባል ነበር። ነገር ግን ቍጥሩ፣ ተውላጠ ስሙና የዘወትር ግሡ ጀርመናዊ ሆኖ ቀርቷል። ልብሱ ፈረንሳዊ፣ አጥንቱ ጀርመናዊ ነው።

እንግሊዝኛ በበኩሉ ከእነዚህ ቋንቋዎች የወሰደው ጥቂት ነው። «ሳውና» የሚለውን የእንፋሎት መታጠቢያ ስም ከፊንላንድኛ አገኘ። «ኮች» የሚለው የሠረገላ ስም ደግሞ ሠረገላ ይሠራባት ከነበረችው ኮች ከምትባል የሀንጋሪ መንደር የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዛሬ አሠልጣኝን የሚጠሩበት ስም መነሻው ይኸው ነው።

ያልተቈረጠ ጥያቄም አለ። ስም በእንግሊዝኛ «ኔም»፣ በፊንላንድኛ «ኒሚ»፣ በሀንጋርኛ «ኔቭ» ነው፤ ውሃም «ዎተር»፣ «ቬሲ»፣ «ቪዝ» ይባላል። ይህን አንዳንዱ ጥንታዊ ውሰት፣ አንዳንዱ የሁለቱ ቤተሰቦች የሩቅ ዝምድና ምልክት፣ አንዳንዱም አጋጣሚ ይለዋል። ጥቂት ቃላት ሕግ ለመመሥረት አይበቁምና፣ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም።

5. የሰዋስው ንጽጽር

እንግሊዝኛ «በቤቴ ውስጥ» ለማለት «ኢን ማይ ሃውስ» ብሎ ሦስት ቃላት ይደረድራል። ፊንላንድኛ «ታሎሳኒ»፣ ሀንጋርኛ «ሃዛምባን» ብለው በአንድ ቃል ይጨርሳሉ። «ታሎ» ቤት፣ «ሳ» በውስጥ፣ «ኒ» የእኔ ነው፤ በሀንጋርኛም «ሃዝ» ቤት፣ «አም» የእኔ፣ «ባን» በውስጥ ነው። ሁለቱ የቅጥያዎቹን ቅደም ተከተል ቢገለብጡም፣ አሠራራቸው አንድ ነው። ስም በዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ሙያ የሚያሳዩት ቅጥያዎች በፊንላንድኛ 15፣ በሀንጋርኛ 18 ያህል ይቈጠራሉ።

ቅጥያውም የስሙን አናባቢ ተከትሎ ድምፁን ይለውጣል። ሀንጋርኛ «በቤት ውስጥ» ሲል «ሃዝባን»፣ «በእጅ ውስጥ» ሲል «ኬዝበን» ይላል። ፊንላንድኛም «በቤት ውስጥ» ሲል «ታሎሳ»፣ «በደን ውስጥ» ሲል «ሜትሰሰ» ይላል። ይህ የአናባቢዎች ስምምነት በእንግሊዝኛ ፈጽሞ የለም።

በእነዚህ ቋንቋዎች የጾታ ልዩነት የለም። እንግሊዝኛ «ሂ» እና «ሺ» ብሎ ወንድና ሴት ሲለይ፣ ፊንላንድኛ ለሁለቱም «ኸን» ይላል፤ ሀንጋርኛም እንዲሁ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ሀብትን ለመግለጽም እንግሊዝኛ «አይ ሃቭ» ብሎ ባለቤቱን የግሡ አድራጊ ያደርጋል። ፊንላንድኛ ግን «ሚኑላ ኦን ታሎ»፣ ማለት «በእኔ ዘንድ ቤት አለ»፣ ሀንጋርኛም «ነከም ቫን ሃዛም»፣ ማለት «ለእኔ ቤቴ አለ» ይላል። በፊንላንድኛ አሉታው ራሱ እንደ ግሥ ይረባል፤ «ኤን ቱሌ» አልመጣም፣ «ኤት ቱሌ» አትመጣም፣ «ኤሜ ቱሌ» አንመጣም ማለት ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ሲደርስ «እኛም እኮ በቤቴ፣ ቤት አለኝ እንላለን» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፤ በዚህ ነገር አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለፊንላንድኛና ለሀንጋርኛ ይቀርባል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ዝምድናን መናገር አይገባም። የአሠራር መመሳሰል አንድ ነገር ነው፤ ሕግ ባለው የድምፅ ለውጥ የተያያዘ የቅጥያና የቃል አንድነት ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም አሠራር በዘመን ይለወጣል። ንጉሥ አልፍሬድ የተናገሩት ጥንታዊ እንግሊዝኛ ስሞቹን በቅጥያ ይለዋውጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት መቶ ዓመታት ቅጥያዎቹ ረግፈው፣ ሥራቸውን የቃላት ቅደም ተከተልና መስተዋድድ ወረሱት። ሀንጋርኛ በአንጻሩ ጥንት ራሳቸውን ችለው የቆሙ ቃላትን ከስም ጋራ እያጣበቀ አዳዲስ ቅጥያ አወጣ። ስለዚህ ብዙ ቅጥያ መኖሩ ኋላ ቀርነት፣ ጥቂት መሆኑም ሥልጣኔ አይደለም። እያንዳንዱ ቋንቋ ያንኑ ሐሳብ በራሱ መንገድ ያደርሳል።

6. ዝምድናና የሕዝብ ክብር

የሳይኖቪች መጽሐፍ በሀንጋሪ በደስታ አልተቀበሉትም። በዚያ ዘመን የሀንጋሪ መኳንንት ራሳቸውን የአቲላና የሁን ጀግኖች ልጆች አድርገው ይቈጥሩ ነበር። በሰሜን በረዶ ውስጥ ዓሣ በልቶ የሚኖር ድሀ ሕዝብ ዘመዳችሁ ነው መባላቸው እንደ ስድብ ተሰማቸው፤ ነገሩንም የዓሣ ዘይት የሚሸት ዝምድና እያሉ አፌዙበት። ቍጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳግማዊ ዮሴፍ በ1784 ጀርመንኛን የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ባዘዘ ጊዜ፣ ሀንጋሪያውያን ስለ ቋንቋቸው ሕይወት ይታገሉ ነበር። ሀንጋርኛ በሮማይስጥ ፋንታ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ የጸናው በ1844 ነው። በእንዲህ ያለ ትግል ላይ ያለ ሕዝብ ክቡር የዘር ሐረግ ቢፈልግ አያስደንቅም።

ክርክሩ ከ1870 ወዲህ በሁለት ሊቃውንት መካከል ጠነከረ። አርሚን ቫምቤሪ ደርቪሽ መስሎ መካከለኛውን እስያ የዞረ ስመ ጥር መንገደኛ ሲሆን፣ ሀንጋርኛን ወደ ቱርክ ቋንቋዎች አስጠጋ። ዮዜፍ ቡደንስ ደግሞ በትውልዱ ጀርመናዊ ሆኖ በ1858 ወደ ሀንጋሪ የመጣ፣ ጐልማሳ ሳለ ሀንጋርኛን የተማረ ሰው ነው፤ እርሱም የፊኖ ኡግርን ዝምድና ደግፎ ተከራከረ። ብዙ ሰው በልቡ ከቫምቤሪ ጋራ ነበር። በመጨረሻ የረታው ግን የድምፅ ሕግ ነው። «አርፓ» ገብስ፣ «ቢካ» ወይፈን፣ «አልማ» ፖም የመሳሰሉት ብዙ ቃላት በእውነት ከቱርክ ወገን መጥተዋል፤ ነገር ግን የተዋሱ ናቸው። ሀንጋሪያውያን በ895 ገደማ ወደ ዛሬው አገራቸው ከመግባታቸው በፊት በደረቁ የሣር ሜዳ ከቱርክ ሕዝቦች ጋራ ኖረው እርሻና ከብት ርቢ ተምረዋልና። ስለዚህ ቫምቤሪም ፈጽሞ ባዶ እጁን አልቀረም፤ እርሱ ያየው የሕዝቡን ታሪክ ሲሆን፣ ቡደንስ ያየው የቋንቋውን ታሪክ ነው። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ማወቅ የዚህ ክርክር ትልቁ ፍሬ ነው።

በፊንላንድ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። እስከ 1809 በስዊድን፣ ከዚያም በሩሲያ ሥር በነበረችው አገር፣ የፍርድ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ስዊድንኛ ነበረ፤ ፊንላንድኛ የገበሬና የስብከት ቋንቋ ተብሎ ተንቋል። ኤልያስ ሎንሮት ከሕዝቡ አፍ ሰብስቦ ያቀናበረው «ካሌቫላ» በ1835፣ ሰፍቶም በ1849 ሲታተም፣ በ1863ም ንጉሠ ነገሥቱ አሌክሳንደር ዳግማዊ ፊንላንድኛ በ20 ዓመት ውስጥ ከስዊድንኛ ጋራ እኩል እንዲሆን ሲያዝ፣ የተናቀው ቋንቋ ቀና አለ። አገሪቱ በ1917 ነጻ ስትወጣ፣ ፊንላንድኛ ለመንግሥትና ለዩኒቨርሲቲ የተሰናዳ ቋንቋ ሆኖ ነበር። ለፊንላንዶች የሩቅ ዘመድ መኖሩ ኀፍረት ሳይሆን፣ ብቻችንን አይደለንም የሚያሰኝ መጽናኛ ሆነላቸው።

ዛሬ ግን ከዘመዶቹ ብዙዎቹ በመጥፋት ላይ ናቸው። በላትቪያ ባሕር ዳር ይነገር የነበረው የሊቮን ቋንቋ፣ ከእናቱ ጡት ጋራ የተማረው የመጨረሻው ሰው በ2013 በካናዳ አርፏል። ከሳሞየድ ወገን የሆነው የካማስ ቋንቋም በ1989 ከመጨረሻው ተናጋሪ ጋራ ተቀብሯል። የማንሲ ልጆችም በአብዛኛው የሚያድጉት በሩሲያኛ ነው። ማንሲ ቢጠፋ የሚጐዳው አንድ ትንሽ ሕዝብ ብቻ አይደለም፤ 13 ሚሊዮን ተናጋሪ ያለው ሀንጋርኛም ስለ ልደቱ የሚመሰክርለትን የቅርብ ዘመድ ያጣል። መኳንንቱ ያፈሩበት ዓሣ አጥማጅ፣ የቤታቸውን መዝገብ ይዞ የኖረ እርሱ ነበረና።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቋንቋ ዝምድና የሚታወቀው በጆሮ በሚሰማ መመሳሰል ሳይሆን፣ በሕግ በጸና የድምፅ ልዩነትና በሰዋስው አንድነት ነው። ሁለተኛ፣ ጉርብትና ቃልን ያዋውሳል እንጂ ዘርን አይለውጥም፤ ፊንላንድኛ የጀርመናውያንን «ኩኒንጋስ» ተሸክሞ ፊንላንድኛ ሆኖ እንደ ቀረ፣ እንግሊዝኛም የፈረንሳይን ቃል ለብሶ ጀርመናዊ ሆኖ ቀርቷል። ሦስተኛ፣ የዘመድ ድህነት ወይም ባለጠግነት ለቋንቋ ክብርን አይጨምርም፣ አይቀንስምም።

በአገራችን የሴም፣ የኩሽ፣ የኦሞና የናይል ሰሐራ ቋንቋዎች ጐን ለጐን ይነገራሉ። አማርኛ የቃሉን ሥርና የግሡን እርባታ ከሴማውያን ወርሶ፣ ግሡን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ማድረግን ከኩሽ ጐረቤቶቹ ጋራ ይጋራል። ስለዚህ ዝምድናንና ጉርብትናን ለይቶ መመርመር ለእኛ የሩቅ አገር ጨዋታ ሳይሆን የየዕለት ሥራ ነው። ይህን የሚሠራ ተማሪ ውጤቱ ማንን እንደሚያስደስትና ማንን እንደሚያስከፋ አስቀድሞ ከመጠየቅ ተቈጥቦ፣ ቡደንስ እንዳደረገው ቃልን ከቃል ጋራ በትዕግሥት ያስተያይ። ጥቂት ተናጋሪ ያላቸውንም ቋንቋዎች ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ይጻፍ።